ለዚህ መኪና የሚገባው ካምቢዮ የትኛው ነው? በአንዲት ፊደል የሚለወጥ መልስ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ስልክ ወይም ስለ ኪቦርድ ሳይሆን ስለ ብረት ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ የቆየ የስፖርት መኪና ካምቢዮው ተበላሽቶ ቆሟል። ሌላ ከተማ ደግሞ ያገለገለ ማንዋል ካምቢዮ ለሽያጭ ቀርቧል። ይገባል ወይስ አይገባም?

ሲሰሙት የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ይመስላል። የመኪናውን ስምና ዓመት ይዞ ካታሎግ መግለጥ ብቻ ነው ያሰኛል። እኔ ግን በዚህች ጥያቄ ዙሪያ አንድ ትንሽ የአማርኛ መተግበሪያ ስሠራ ያስተዋልኩት፣ «ዓመት» የምትለው ቃል ብቻዋን ሰውን ብዙ ሺህ ፍራንክ ልታስከስር እንደምትችል ነው።

የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ ነው። መተግበሪያውን የሠራሁትም እዚህና ጄኔቫ በጋራዥ ሥራ ለሚተዳደሩ የአገሬ ልጆች ነው። ዙሪክ ያለው ሻጭ በጀርመንኛ ይጽፋል፣ ጄኔቫ ያለው ገዢ በፈረንሳይኛ ይፈልጋል፣ መካኒኩ ደግሞ በአማርኛ ያስባል። ለምሳሌ የምወስደው ፖርሼ 911ን ነው። መኪናው ለሁለቱም ከተሞች እንግዳ አይደለም። የኩባንያው የመጀመሪያ ሞዴል 356 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት የታየው በ1949 ሲሆን፣ ይዞት የቀረበውም በርንሃርድ ብላንክ የተባለ የዙሪክ ነጋዴ ነበር። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መልኩ ሳይሆን ልኩ

ከ1984 እስከ 1989 ሞዴል ያለው «911 ካሬራ» ባለ 3.2 ሊትር ሞተር ነው። ከውጭ ሲታይ የ1986ቱንና የ1987ቱን መለየት ለብዙ ሰው ይከብዳል። ከሥሩ ግን ሁለት የተለያዩ ካምቢዮዎች አሉ። እስከ 1986 ሞዴል ያለው «915» የተባለውን ይይዛል። ከ1987 ሞዴል ጀምሮ ያለው ደግሞ በጌትራግ ኩባንያ የተሠራውን «ጂ50» ይይዛል። ሁለቱም ማንዋል ናቸው፤ ሁለቱም ባለ 5 ማርሽ ናቸው።

ታዲያ ሁለቱም ባለ 5 ማርሽ ከሆኑ አንዱን በሌላው መተካት ለምን አይቻልም? «መግጠም» የሚለው ቃል አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ነገሮች ድምር ስለሆነ ነው። ፕሮግራመር ለሆናችሁ በእናንተው ቋንቋ ልናገር፦ ካምቢዮ ከአንድ ወገን ጋር ብቻ የሚነጋገር ክፍል አይደለም። ቢያንስ ከአምስት ወገን ጋር ውል አለው።

1. ከሞተሩ ጋር። የብሎን ቀዳዳዎቹ፣ የመግቢያው ዘንግ ጥርስና ርዝመት መስማማት አለባቸው።

2. ከፍሪሲዮኑ ጋር። የ915 ፍሪሲዮን በገመድ የሚሳብ ነው። የጂ50ው ግን በዘይት ግፊት ይሠራል። የዲስኩ ስፋት እንኳ ይለያያል፤ በካሬራው ላይ የ915ቱ 225 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጂ50ው 240 ሚሊ ሜትር ነው።

3. ከመኪናው አካል ጋር። ጂ50 ከ915 ይረዝማል። ስለዚህ ፋብሪካው በ1987 ሞዴል ላይ ከኋላ ጎማዎች መካከል የሚያልፈውን የቶርሽን ባር ቱቦ ቅርጽ ለወጠ። ጂ50ን በ1986 መኪና ውስጥ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው ያንን ቱቦ መቁረጥና መበየድ ይጠብቀዋል።

4. ከማርሽ ማስገቢያው ጋር። በ915 የኋላ ማርሽ ያለው በስተቀኝ ወደ ታች፣ ከአምስተኛው ሥር ነው። በጂ50 ግን በስተግራ ወደ ላይ፣ ከአንደኛው ጎን ነው።

5. ከጎማዎቹ ጋር። ይህ የጥርስ ቁጥር ጉዳይ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከአምስቱ አንዱ ብቻ ካልተስማማ «ገባ» አይባልም። ሁለት የስልክ ቻርጀሮች ጫፋቸው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሰጡት ኃይል ግን እንደሚለያየው ማለት ነው።

አንድ መኪና፣ ሦስት ዓመት

እንግዲህ ጥያቄው «መኪናው የ1986 ነው ወይስ የ1987?» ወደሚለው ወረደ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው፣ ብዙ ዳታቤዝም፣ የሚሳሳተው።

በስዊዘርላንድ የመኪናው ደብተር፣ እኛ ሊብሬ የምንለው ዓይነት ወረቀት፣ በቁጥር የተለዩ መስኮች አሉት። ቋንቋው ምንም ይሁን ምን ቁጥሮቹ አንድ ናቸው። መስክ 23 የሻንሲ ቁጥር ነው። መስክ 36 መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገድ ላይ የዋለበት ቀን ነው። መተግበሪያዬ ተጠቃሚውን በጀርመንኛም በፈረንሳይኛም ስም ሳያስጨንቅ «ከመስክ 23 ላይ ያለውን ጻፍ» የሚለው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚያነበው ግን መስክ 36ን ነው፤ ቀኑ ግልጽ ሆኖ ይታያላ! ችግሩ፣ መስክ 36 የሚነግረን መኪናው መቼ ታርጋ እንዳገኘ እንጂ የየትኛው ሞዴል እንደሆነ አይደለም። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በጃንዋሪ ሳይሆን ከሠራተኞቹ የዓመት ዕረፍት በኋላ፣ ኦገስት አካባቢ ነው።

ይህንን ለአንድ የስዊስ ባልደረባዬ ለማስረዳት ጥቂት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ለኢትዮጵያዊ ግን ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ በመስከረም ዓመት የምንቀይር ሕዝብ ነን! «የስንት ዓመት ምሕረት ነው?» ሲሉን «በማን አቆጣጠር?» ብለን መጠየቅን ከልጅነታችን ለምደነዋል። ኦክቶበር 15 ቀን 1986 ታርጋ ያወጣ አንድ 911 አለ እንበል። በስዊስ ደብተር ዓመቱ 1986 ነው። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1979 ነው። በፋብሪካው አቆጣጠር ደግሞ የ1987 ሞዴል ሊሆን ይችላል። አንድ መኪና፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ዓመት።

ስሕተቱ ወደ ሌላውም አቅጣጫ ይሠራል። በ1986 መጀመሪያ ላይ ተሠርቶ ሻጩ ዘንድ ወራት የቆመ መኪና ታርጋ የሚያገኘው በፌብሩዋሪ 1987 ሊሆን ይችላል። ደብተሩ 1987 ይላል፤ ከሥሩ ያለው ግን 915 ነው። ስለዚህ «አንድ ዓመት ቀንስ» ወይም «አንድ ዓመት ጨምር» የሚል አቋራጭ ሕግ አይሠራም። ሌላ ምንጭ ያስፈልገናል።

አሥረኛዋ ፊደል

ያ ምንጭ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩ መኪኖች 17 ፊደልና አሃዝ ያለው ዓለም አቀፍ ቁጥር አላቸው። የምንነጋገርበት ዓይነት መኪና ቁጥር ለአውሮፓ ገበያ እንዲህ ይመስላል (የመጨረሻዎቹን አምስት አሃዞች በነጥብ ተክቻለሁ)፦

ደብሊው ፒ 0 – ዜድ ዜድ ዜድ – 9 1 – ዜድ – ኤች – ኤስ – 1 . . . . .

በየተራ እንፍታው።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉት አምራቹን ይነግሩናል፤ ይኸውም ፖርሼ ነው።

ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያሉት ሦስት «ዜድ»ዎች በአውሮፓ ገበያ ቦታ መሙያ ናቸው።

7ኛውና 8ኛው (9 እና 1) የሞዴሉ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ናቸው። ሦስተኛው አሃዝ ርቆ በ12ኛው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ሲገጣጠሙ 911 ይሆናሉ።

9ኛው እንደገና መሙያ «ዜድ» ነው።

10ኛው የሞዴል ዓመት ነው። የዛሬው ጽሑፍ የቆመው በዚህች ፊደል ላይ ነው።

11ኛው ፋብሪካው ነው፤ «ኤስ» ማለት ሽቱትጋርት ነው።

የዓመቱ ፊደላት በተራ ይሄዳሉ፦ «ኢ» 1984፣ «ኤፍ» 1985፣ «ጂ» 1986፣ «ኤች» 1987፣ «ጄ» 1988፣ «ኬ» 1989። («አይ» የተዘለለችው ከአሃዙ 1 ጋር ስለምትምታታ ነው።) ስለዚህ ለካሬራው ሕጉ አጭር ነው፦ አሥረኛዋ ፊደል «ጂ» ወይም ከዚያ በፊት ያለች ከሆነች 915፤ «ኤች» ወይም ከዚያ በኋላ ያለች ከሆነች ጂ50። መስክ 36 ምንም ይበል ምን መልሱን የምትቆርጠው ያቺ አንዲት ፊደል ናት።

ለገንቢዎች፦ ሦስት ወጥመዶች

አንደኛው ወጥመድ የማረጋገጫ ስሌት ነው። በሰሜን አሜሪካ 9ኛው ቦታ የማረጋገጫ አሃዝ ነው። ሌሎቹ ፊደላትና አሃዞች በክብደታቸው ተባዝተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው እዚያ ይጻፋል። ከኢንተርኔት የምታገኙት ዝግጁ ኮድ ብዙውን ጊዜ ይህን ስሌት ግዴታ ያደርገዋል። በእኛ ምሳሌ ግን 9ኛው ቦታ ላይ ያለው «ዜድ» ነው። እንዲህ ያለ ኮድ ሳታዩ ብትገለብጡ የአውሮፓን 911 በሙሉ «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ ይመልስላችኋል። ስሌቱን ማስገደድ ያለባችሁ መኪናው ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠራ ሲሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የፊደልና የአሃዝ መመሳሰል ነው። በ17 ፊደሉ ቁጥር ውስጥ «ኦ»፣ «አይ» እና «ኪው» የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም። ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነው። ተጠቃሚው በስልኩ ካሜራ አንስቶም ሆነ በእጁ ጽፎ «ኦ» ካስገባ ዜሮ ለማለት እንደፈለገ፣ «አይ» ካስገባ አንድ ለማለት እንደፈለገ መገመት ይቻላል። መተግበሪያው ያርመዋል፤ ነገር ግን «እንዲህ አርሜዋለሁ፣ ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም ብሎ የሚያርም ሶፍትዌር አልወድም።

ሦስተኛው ወጥመድ ሕጉን ከልክ በላይ ማስፋት ነው። «ኤች ከሆነ ጂ50» የሚለው ለካሬራው እውነት ነው። ቱርቦው ግን ሌላ ታሪክ አለው። 911 ቱርቦ በፋብሪካው ስም 930 ሲሆን፣ በሻንሲ ቁጥሩ 7ኛና 8ኛ ቦታ ላይ 9 እና 3፣ በ12ኛው ላይ 0 ይነበባል። ይህ መኪና እስከ 1988 ሞዴል ድረስ የራሱን ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ይዞ ቆይቷል። ባለ 5 ማርሹን የጂ50 ዓይነት ያገኘው በ1989 ሞዴል ብቻ ነው። ስለዚህ ኮዳችሁ መጀመሪያ ሞዴሉን፣ ቀጥሎ ዓመቱን መጠየቅ አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መልሱም ይገለበጣል።

ስዊዘርላንድ ለምን የተለየች ሆነች?

እስካሁን የለየነው ቤተሰቡን ብቻ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ወንድማማቾች አይመሳሰሉም። ጂ50 ከሚለው ቀጥሎ ሰረዝና ሌላ ቁጥር ይመጣል፤ ያ ቁጥር ካምቢዮው ለየትኛው መኪናና ለየትኛው ገበያ እንደተዘጋጀ ይለያል። ለ915ም እንዲሁ ነው። ሁለት ጂ50ዎች ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ያለው የጥርስ ቁጥር ሊለያይ ይችላል።

ለዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት ድምፅ ነው። ስዊዘርላንድ በ1980ዎቹ ከጎረቤቶቿ የጠበቀ የራሷ የጭስና የድምፅ ሕግ ነበራት። ስለዚህ በርካታ አምራቾች ለስዊዘርላንድ ብቻ የተለየ ዓይነት መኪና ያዘጋጁ ነበር። አንዱ ዘዴያቸው የማርሾቹን ሬሾ ማስረዘም ነበር።

የማርሽ ሬሾ ከድምፅ ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ያለው በመለኪያው ዘዴ ውስጥ ነው። በጊዜው በነበረው የአውሮፓ አለካክ፣ መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ይቀርብና በ20 ሜትር ርቀት ውስጥ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጣል። ከመስመሩ መካከል 7.5 ሜትር ርቀት ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ማይክሮፎን ተተክሏል። ባለ 5 ማርሽ መኪና የሚለካው በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው። ሬሾው ከረዘመ በዚያው 50 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል። በዝግታ ሲዞር ድምፁ ይቀንሳል። መኪናውም ፈተናውን ያልፋል።

ይህ ዓይነቱ ደንብ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጻፈው እዚሁ ስዊዘርላንድ ውስጥ መሆኑ ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው። የተሽከርካሪዎችን ደንብ የሚያስማማው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ1958 የተፈረመው በጄኔቫ ነው። የመኪና ድምፅን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 51ም የሚወጣው በዚያው ስምምነት ሥር ነው።

ለመካኒኩ የሚቀረው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ከጀርመን የመጣ ጂ50ን በስዊስ 911 ላይ ብትገጥሙት በብሎኑም በገላውም ሊስማማ ይችላል። ነገር ግን መኪናው ከተመዘገበበት ዓይነት የተለየ ይሆናል። በተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። መተግበሪያው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው «ይገጥማል፣ ግን የስዊስ ዓይነት አይደለም» ብሎ ለይቶ ይናገራል።

ሳይፈቱ ሬሾውን ማወቅ

መኪናው የሚሄድ ከሆነ ካምቢዮውን ሳትፈቱ ሬሾውን በስልክ ማስላት ይቻላል። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚችለው ነው።

የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1,667 ሜትር ገደማ ነው። ለ2 ስናካፍለው ጎማው በደቂቃ 833 ጊዜ ይዞራል። በዚያው ቅጽበት በአምስተኛ ማርሽ ሞተሩ 2,500 ዙር ካሳየ፣ 2,500 ለ833 ሲካፈል 3.0 ይሆናል። ጠቅላላ ሬሾው ይህ ነው።

ከዚህ ውስጥ የዲፈረንሻሉን ድርሻ እናወጣለን። በካሬራው 915 ላይ ትልቁ ጥርስ 31፣ ትንሹ 8 ነው፤ ሬሾው 3.875 ይሆናል። በጂ50 ላይ 31 ለ9 ነው፤ 3.444 ይሆናል። መኪናው ጂ50 ከሆነ 3.0 ለ3.444 ሲካፈል 0.87 ይመጣል፤ ይህ የአምስተኛው ማርሽ ሬሾ ነው። በየማርሹ ደግማችሁ ያገኛችሁትን ከሠንጠረዥ ጋር ስታስተያዩ የትኛው ወንድም እንደሆነ ይለያል።

ፍጥነቱን ከመኪናው ሰዓት ሳይሆን ከስልኩ ጂፒኤስ ውሰዱ፤ የመኪና ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ፍጥነት ጨምሮ ነው የሚያሳየው። ደግሞም አደራ፣ ስልኩን የሚይዘው ሾፌሩ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ይሁን።

ካምቢዮ፣ ካንቢዮ፣ ካምብዮ

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። ተጠቃሚዎቼ ዕቃውን በአማርኛ ነው የሚፈልጉት። ዙሪክ ላይ «ጌትሪበ» ይባላል፤ ጄኔቫ ላይ «ቧት ደ ቪተስ»። የእኛ መካኒክ ግን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ቮላኖ ነው የሚለው። እነዚህ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያንኛ ደግሞ ከስዊዘርላንድ ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው! በደቡብ፣ ቲቺኖ ውስጥ ያለ መካኒክ «ካምቢዮ» ስትሉት ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ስለዚህ በዳታቤዙ ውስጥ አማርኛውን ከጀርመንኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ያገናኘሁት በጣልያንኛው ስም በኩል ነው።

የቀረው የአጻጻፍ ችግር ነው። አንዱ «ካምቢዮ»፣ ሌላው «ካምብዮ»፣ ሦስተኛው «ካንቢዮ» ብሎ ይጽፋል። ሁሉንም በዝርዝር ማስገባት አድካሚ ነው። የፊደላችን የዩኒኮድ አቀማመጥ ግን አንድ ውለታ ውሎልናል። በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ ፊደላችን ሲገባ እያንዳንዱ ቤተሰብ በስምንት በስምንት ቦታ ተደርድሯል። የ«ካ» ቁጥር በአሥር ቤት 4779 ነው። ለ8 አካፍላችሁ ቀሪውን ብትጥሉና መልሳችሁ በ8 ብታባዙ 4776 ታገኛላችሁ፤ እሱም «ከ» ነው። ከጥቂት ልዩ ረድፎች በቀር ማንኛውም ፊደል በዚህ መንገድ ወደ ግዕዙ ይመለሳል።

ስለዚህ «ካምቢዮ»ም «ካምብዮ»ም ወደ አንድ አጽም፣ «ከመበየ»፣ ይወርዳሉ። ለ«ካንቢዮ» ደግሞ አንዲት ሕግ ትጨመራለች፦ «ነ» ከ«በ» ፊት ሲመጣ «መ» ይሁን። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» የተለመደው ማመሳሰል ይደረግላቸዋል። ፍለጋው የሚካሄደው በአጽሙ ላይ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ተጠቃሚው የጻፈው ነው። ይህ ዘዴ ለሰው ስም አይመከርም፤ በጣም ብዙ የማይገናኙ ስሞችን ያቀላቅላል። ለመቶ ያህል የመለዋወጫ ዕቃ ስም ግን ከበቂ በላይ ነው።

ወረቀቱና ብረቱ ሲጣሉ

የሻንሲ ቁጥሩ የሚነግረን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደያዘ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አልፏል። በመካከል ማን ምን እንደቀየረ ወረቀቱ አያውቅም። ስለዚህ መተግበሪያው «ይገባል» ለማለት ሦስት ምስክር ይፈልጋል።

አንደኛ፣ የሻንሲ ቁጥሩ። ሁለተኛ፣ በሚሸጠው ካምቢዮ ገላ ላይ የተመታው ቁጥር፣ በፎቶ። ሦስተኛ፣ መኪናው ላይ በእጅ የሚታይ ነገር፦ የኋላ ማርሽ የቱ ጋ ነው? ፍሪሲዮኑ በገመድ ነው ወይስ በዘይት? ሦስቱ ከተስማሙ «አዎ»። ካምቢዮው ከሌላ ቤተሰብ መሆኑ ከታወቀ «አይ»። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወይም ካፈነገጠ «አረጋግጥ»።

ይህ ሦስተኛው መልስ ሁሉንም አላስደሰተም። ጄኔቫ አጠገብ ጋራዥ ያላቸው፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ደውለው ነበር። «አንተ ልጅ፣ እኔ የጠየቅኩት ይገባል ወይስ አይገባም ነው። ‹አረጋግጥ› ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጋሼ፣ የካምቢዮው ቁጥር ፎቶ የለውም። ሻጩን ይጠይቁልኝ» አልኳቸው።

ዕቃው ያለው ዙሪክ፣ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ሻጩ የጻፈው «ለ911፣ ከ1984 እስከ 1989» ብሎ ነው። የጋሼ ደንበኛ መኪና ደብተር መስክ 36 ላይ ኦክቶበር 1986 ይላል። ዋጋው ጥሩ ነው፤ ሌላ ሰውም እየጠየቀ ነው ተብሏል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው።

ፎቶው መጣ። የተመታው ቁጥር በ915 ይጀምራል። ደብተሩን ብቻ ላየ ሰው 1986 እና 915 የተመቻቹ ጥንዶች ናቸው። የመኪናው አሥረኛ ፊደል ግን «ኤች» ነበረች። ጋሼ መሪው ውስጥ ገብተው የማርሽ እጀታውን አዩት፤ የኋላ ማርሹ በስተግራ ወደ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑም በዘይት ነው። መኪናው ጂ50 ነው። መልሱም «አይ» ሆነ።

«ታዲያ ከመጀመሪያው አይ አትለኝም ነበር?» አሉኝ እየሳቁ። ከመጀመሪያው ግን አይታወቅም ነበር። ሻጩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ቤተሰብ ጠቅልሎ ነበር፤ ካምቢዮው ጂ50 ሊሆንም ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ለወጣት ገንቢዎች የማስተላልፈው ነገር አለኝ። የተሳሳተ «አይ» ሰውየውን አንድ ዕድል ያሳጣዋል። የተሳሳተ «አዎ» ግን ገንዘቡን፣ የጭነት ክፍያውን፣ የሁለት ቀን ጉልበቱንና የደንበኛውን እምነት ይወስድበታል። ሁለቱ ስሕተቶች ዋጋቸው እኩል ካልሆነ ሶፍትዌሩም እኩል ሊያያቸው አይገባም።

አገር ቤት ላላችሁ

ፖርሼ አጠገባችሁ ከሌለ ዘዴው በሌላም ይሠራል። የቶዮታን የቆዩ ማንዋል ካምቢዮዎች ውሰዱ። ፊደሉ ቤተሰቡን፣ ቀጥሎ ያለው አሃዝ በአብዛኛው የማርሹን ብዛት ይናገራል፦ «ኬ40» ባለ 4፣ «ኬ50» ባለ 5። ወጣቶች በፊልምና በጌም የምታውቁት «ኤኢ86» የያዘው «ቲ50» እንዲሁ ባለ 5 ማርሽ ነው። ግን ሕጉን አታምልኩት፤ «አር154» የተባለው ባለ 5 ማርሽ ሦስት አሃዝ ይዞ ይመጣና ሕጉን ያፈርሰዋል።

የቮልስ ወዳጆች ደግሞ የ6 ቮልትና የ12 ቮልት ነገር ታውቃላችሁ። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። የ12 ቮልቱ ሰፋ ስለሚል በ6 ቮልቱ ካምቢዮ ውስጥ ሳይሞረድ አይዞርም። ሁለቱም ግን ከውጭ «ያው ቮልስ» ናቸው።

ራሳችሁ ልትሠሩት ለምትፈልጉ እነዚህን አራት መፈተኛዎች እተውላችኋለሁ።

1. ካሬራ፣ አሥረኛ ፊደል «ኤች»፣ ታርጋ ያገኘው በ1986፣ ካምቢዮው 915። መልስ፦ አይ።

2. ካሬራ፣ አሥረኛ ፊደል «ጂ»፣ ታርጋ ያገኘው በ1987፣ ካምቢዮው 915፣ የእጅ ፍተሻ አልተደረገም። መልስ፦ አረጋግጥ።

3. ቱርቦ፣ አሥረኛ ፊደል «ኤች»፣ ካምቢዮው ጂ50። መልስ፦ አይ።

4. በሻንሲ ቁጥሩ ሦስተኛ ቦታ ላይ በዜሮ ፈንታ «ኦ» የተጻፈበት ማንኛውም መኪና። መልስ፦ አርም፣ ግን ጠይቅ።

ኮዳችሁ አራቱንም ካለፈ፣ ለአንድ መካኒክ በድፍረት ልትሰጡት ትችላላችሁ። ካላለፈ ደግሞ መጀመሪያ የምትፈትሹት ቦታ «ዓመት» የሚለውን መስክ ይሁን፤ «በማን አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁት።